ቤተሰቡ አልተገኘም

እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘሁለት ጥያቄ አለኝ። ያ ሰውዬ እናቲቱን ረስቷት ነው ወይስ ያን ቀን መኪና ውስጥ ስነግረው ከመጀመሪያውም አልሰማኝም? ከረሳት የሰው ነገር ነው፤ ዕድሜውም ገፍቶ ነበር፤ ይሁን ብዬ አልፈዋለሁ። ካልሰማኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለዓመታት «አዳምጪና ንገሪኝ» እያለ ደመወዝ የከፈለኝ ሰው፣ እኔ ራሴ የምነግረው አንድ ነገር ሲኖረኝ ጆሮውን የት አስቀምጦት ነበር?

እንግሊዛዊ ነው። ሥራው ጦርነት ማጥናት ነው። ይህን አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ በስልክ ስነግራት፣

«ጦርነት ደግሞ ይጠናል እንዴ?» አለችኝ።

«ይጠናል። ዲግሪም አለው።»

«እና ይኼን ሁሉ ዘመን አጥንቶ ምን አወቀ?»

«ገና እያጠና ነው።»

«እንግዲያው ሲጨርስ ንገሪኝ» ብላ ወደ ጉልበቷ ሕመም ተሻገረች። ስለ ሰውዬው ከዚያ የተሻለ ትችት በየትኛውም መጽሔት ላይ አላነበብኩም።

ታሪኩን ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት። ስለ ራሱ ማውራት አይጠላም ነበር። የተወለደው ዝናብ በማይለይበት የእንግሊዝ ወደብ ከተማ ነው፤ አባቱ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ልጅ ሆኖ ደረቱን ስለሚያመው አልጋ ላይ ይውላል፤ በቆርቆሮ የተሠሩ ወታደሮቹን ብርድ ልብሱ ላይ ይደረድራል። ጉልበቱን ሲያጥፍ ተራራ ይሆናል፣ ሲዘረጋ ሜዳ። ተራራውም ሜዳውም ራሱ ነው፤ ይህ ልማድ ካደገም በኋላ አልለቀቀውም። ለግዳጅ ውትድርና ዕድሜው ሲደርስ አገሩ ግዳጁን አስቀርታ ነበር። «ለጥቂት አመለጠኝ» ይላል፣ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው አንገቱን እየነቀነቀ። እኛ ሰፈር ልጆች አፈሳ በመጣ ቁጥር ከጣራ ጣራ እየዘለሉ፣ ቆጥ ላይ እያደሩ ይሸሹት የነበረውን ነገር እሱ ሳላገኘው ቀረሁ ብሎ ይቆጫል። መጀመሪያ ስሰማው ቀልድ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ነበር። ቀልድ አልነበረም።

የዶክትሬት ጽሑፉ ስለ ፈረስ መኖ ነው። የምሬን ነው። ድሮ ድሮ አንድ የአውሮፓ ሠራዊት ተሸንፎ ሲመለስ ፈረሶቹ ምን እንደበሉ ነው ያጠናው። ከዚያ መኖ ውስጥ አንድ ሐሳብ አገኘ፤ ሠራዊት ጠባዩ የሚታወቀው ወደ ፊት ሲሄድ ሳይሆን ወደ ኋላ ሲመለስ ነው የሚል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ግን አንድ ነው። በዚያች አንድ ሐሳብ ለንደን ላይ አስተማረ፣ መጻሕፍት ጻፈ፣ አገባ፣ ልጆች አሳደገ። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ስትገባ ደግሞ ዋሽንግተን «ና እስቲ» አለችው። ለአንድ ዓመት እንግዳ ሆኖ መጥቶ እዚያው ቀረ። በቴሌቪዥን መስኮት እየቀረበ፣ እጆቹን እያገጣጠመ፣ ከየት በኩል መውጣት እንደሚሻል ያስረዳል። ሠራዊቶች ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር የእሱ ኑሮ ወደ ፊት ይሄዳል።

ቤቱ ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው አሌክሳንድሪያ ነበር፤ የእግረኛ መንገዱ ጡብ የሆነበት፣ የሴት ጫማ ተረከዝ የሚውጥ የድሮ ሰፈር። የጥናት ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሌላ ሰው ሠራዊት ጎራዴዎች ተሰቅለዋል። ሚስቱ ጽጌረዳ የምትኮተኩት ረጅም ሴት ናት፤ ኋላ ለእሱ ስሠራ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ የቃለ መጠይቅ ቴፕ ወደ ወረቀት እየገለበጥኩ ከታች ሆና ባሏን ስትጣራ ሰማኋት፤ «ጄኔራል! ቆሻሻ የሚወስዱት ሰዎች ደርሰዋል፤ ማፈግፈጉን ተወውና በርሜሉን አውጣ!» በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ጦርነት በትክክል የምታስብ እሷ ብቻ መሰለችኝ።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠብኩ፣ እየተኮስኩ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኝ ኮሌጅ ገባሁ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። የእሱን ክላስ የወሰድኩት ስለ ጦርነት ለማወቅ ብዬ አይደለም፤ ከሆቴል ሥራ ሺፍቴ ጋር የሚስማማው ሰዓት የእሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው ስልካቸውን ሲነካኩ እኔ ከፊት ተቀምጬ ቃል በቃል እጽፋለሁ። አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ አልክድም። ማንኛውም ወሬ ሲመጣ «ማን አየ?» ብሎ መጠየቅ። «ተባለ አትበሉኝ። ማን አየ?» እያለ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር። የጻፍኩትን ወረቀት በቀይ እርሳስ አርሞ ሲመልስልኝ አንዲት ነጥብ ሳይዘል ነበር፤ እንደሱ በቁም ነገር ያነበበኝ ሰው አላጋጠመኝም ነበር። ስለዚህ ስለ አገሬ የድሮው የሰሜን ጦርነት መጽሐፍ ሊጽፍ ነውና አማርኛ የምታነብ ሪሰርች አሲስታንት ይፈልጋል ሲባል፣ አንሶላውን ትቼ ሄድኩ።

የምኖረው ላንግሊ ፓርክ ነበር፣ ከዛፉ ሕንጻው የሚበዛበት፣ አውቶቡስ ሲያልፍ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አፓርታማ ውስጥ። ከእኔ በታች ያለው ቤት ውስጥ አንዲት የደሴ እናት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እማማ እላቸዋለሁ። ወጣት ሳሉ ደሴ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እዚህም ሰፈሩ ውስጥ ሱሪ የረዘመበት፣ ቀሚስ የጠበባት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። የእኔንም የምረቃ ጋወን ያሳጠሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ «ይኼን ጆንያ ለብሰሽ ነው ወይ የምትማሪው?» እያሉ።

አንድ ወንድ ልጃቸው በዚያው በሰሜኑ ጦርነት ቀርቷል። ቀርቷል ነው የሚሉት። ምክትል መቶ አለቃ ነበር፣ የመገናኛ። መርዶ አልመጣም። እኛ ዘንድ ሞት እንዲሁ አይወራም፤ በስልክ አይነገርም፤ መርዶ ነጋሪዎች ተሰብስበው፣ በማለዳ፣ ሰው እህል ሳይቀምስ ሄደው ይነግራሉ። የእማማ ልጅ ነገር ግን የሚነግር ጠፋ። ከዘመቻ የተመለሰ ሁሉ «ሰማሁ» እንጂ «አየሁ» አላለም። እሳቸውም ቁርጥ አድርገው ነበር፤ «ባይኔ አየሁ የሚል ሰው እደጄ እስኪቆም አላለቅስም። በቁሙ ቢሆንስ? በቁም ባለ ሰው ላይ ሶላተል ጋኢብ አሰግዳለሁ ወይ?» ሶላተል ጋኢብ ሬሳው በሌለበት የሚሰገደው የሙታን ስግደት ነው። ሳስበው እሳቸውና ፕሮፌሰሩ ቢገናኙ ይግባቡ ነበር። ሁለቱም የሚጠይቁት ያንኑ ነው።

ሴት ልጃቸው ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን የምትረዳ፣ ባልና ሦስት ልጆች ያሏት ናት። ስድስት ሆነው ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ፌርፋክስ ቤት ሊገዙ ሁለት ጊዜ ደርሰው እማማ እንቢ አሉ። ምክንያቱም የዚያን አፓርታማ አድራሻና የቤቱን ስልክ ቁጥር ወደ አገር ቤት በሄደ ሰው ሁሉ እጅ ልከዋል፤ ለመስጊድ፣ ለገበያተኛ፣ ለሹፌር። ልጁ ቢመጣ ወይ ቢደውል የሚያገኛቸው እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው፣ ከሻጭ በቀር ማንም የማይደውልበት ስልክ ሲጮህ ስፌቱን ጥለው ይነሳሉ። አንድ ቀን ልጅየዋ ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ «ወይ ይሙት ወይ ይምጣ! እኔ እኮ ደከመኝ፤ ልጆቼ ሳሎን ተኝተው አደጉ» አለችኝና ወዲያው በገዛ ቃሏ ደንግጣ አፏን ያዘች።

ለመጽሐፉ ከአንድ ኮሎኔል ጋር ቃለ መጠይቅ የተደረገው አሌክሳንድሪያ፣ ፕሮፌሰሩ ቤት፣ ጎራዴዎቹ ሥር ነው። ኮሎኔሉ ድሮ በሰሜን ጦር ያዘዙ፣ አሁን ክሪስታል ሲቲ አንድ ትልቅ ፓርኪንግ ውስጥ ሱፐርቫይዘር የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሱፍ ለብሰው መጡ። ፕሮፌሰሩ «ኮሎኔል» ብሎ ሲጠራቸው ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ስማቸው በመጽሐፉ እንዳይወጣ ቃል አስገቡን፤ ገባን። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። ስንት ካሚዮን ነበር? ነዳጁ ከየት? ትእዛዙ በስንት ሰዓት ደረሰ? እኔ መካከል ተቀምጬ ከዚህ ወደዚያ አሻግራለሁ።

አንድ ቀን ስለ መጨረሻው ማፈግፈግ ሲያወሩ ኮሎኔሉ ድምፃቸው ወረደ። «አንድ ሬዲዮኛ ነበረኝ። ከቆሰሉት ጋር ኮረብታው ላይ ቀረ። ጦሩ ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሂዱ፣ ሂዱ እያለ ይጠራል። በመጨረሻ ስንደርስለት ተመቶ ነበር፤ ባይኔ አየሁት፤ ትንፋሹ የለም። ልናነሳው አልቻልንም። ሄድን።» ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጠሩ። ደሴ አሉ። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «በጦሩ ውስጥ ዩኒፎርሙ ልክ የሆነለት እሱ ብቻ ነበር። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለፈቃድ ሲሄድ አጥብባለት መጣ። የግል ልብስ ሰፊ ያለው ጄኔራል ብለን እንቀልድበት ነበር» አሉ።

እማማ ያንን ዩኒፎርም እንዴት እንደፈቱት፣ እንዴት መልሰው እንደሰፉት፣ ትከሻው ላይ ምን ያህል እንዳስገቡለት ስንቴ ነግረውኛል! እኔ ተረጎምኩ። ድምፄ እንዳልተለወጠ ቴፑ ላይ ይሰማል። ፕሮፌሰሩ ስለ ሬዲዮው ማስታወሻ ያዘ፤ ስለ ዩኒፎርሙ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ደስ ይላል፤ ግን ጌጥ ነው» አለ። «ለክርክራችን አይጠቅምም። ሬዲዮው የስንት ዋት እንደነበር ጠይቂልኝ።»

በማግሥቱ መኪናው ውስጥ ነገርኩት። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ክሪስታል ሲቲ እየሄድን ነው፤ እሱ መታጠፊያውን እየፈለገ ነው። «የዚያ ሬዲዮኛ እናት በሕይወት አሉ» አልኩት። «ጎረቤቴ ናቸው። ላንግሊ ፓርክ። መሞቱ አልተነገራቸውም።» ቃል በቃል ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ የምናገረውን አስቀድሜ በልቤ የምደረድር ሰው ስለሆንኩ አልስተውም።

«የሚገርም ነው» አለ። ታጠፈ። «ግን ታውቂያለሽ፤ ኮሎኔሉ የነገረን ሁሉ መጽሐፉ እስኪወጣ ከዚህ መኪና አይወጣም። ቃል ቃል ነው።» ከዚያ ምሳ ላይ የዓሣ ሳንድዊች ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ።

ቃሉን እሱ ስንት ጊዜ ከመኪናው እንዳወጣው አይቻለሁ። ክሪስታል ሲቲ፣ አውሮፕላን ሲያርፍ በሚታይበት የስብሰባ አዳራሽ፣ ደረታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ሰዎች ዶሮ በሹካ እየወጉ ያዳምጡታል። ስክሪኑ ላይ ቀይ ቀስት ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ኮረብታው ላይ አንዲት ነጥብ አለች። «ይህች ነጥብ» ይላል ፕሮፌሰሩ በሌዘር እየነካት፣ «በዚያ ሠራዊት ውስጥ ቀጠሮ ያከበረ ብቸኛው ሰው ናት።» ይስቃሉ። እኔ ከኋላ ኮምፒውተሩን እያንቀሳቀስኩ ነው። ነጥቧን ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፤ ካርታው ላይ ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ናት፤ ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ። ጭብጨባው ካለቀ በኋላ አንዱ መጥቶ፣ «ያቺ የነጥቧ ታሪክ ግሩም ናት፤ ለእኛም ሚቲንግ ልንጠቀምባት እንችላለን?» አለው። «በደስታ» አለ። ዶሮ የሚበላ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሞት አንዲት እናት እንዳትሰማ የሚከለክል ምን ዓይነት ምስጢር እንደሆነ እኔ በተማርኩት መጻሕፍት ውስጥ የለም።

አንድ ጊዜ እኛም አገር ሄዷል። ሆቴል አርፎ፣ ሆዱን ታሞ፣ በመጨረሻው ቀን አንድ ገደል ጫፍ ወስደውት ፎቶ ተነስቶ ተመለሰ። የመጽሐፉ መግቢያ ላይ «መሬቱን በእግሬ ረግጬዋለሁ» ብሎ ጽፏል። ረግጦታል፤ ፎቶው ላይ ጫማው ይታያል።

ኮሎኔሉን ብቻቸውን ለማግኘት ፓርኪንጋቸው ሄድኩ። የመስታወት ቤታቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ሻይ በወረቀት ኩባያ ይጠጣሉ።

«ጋሼ፣ የሬዲዮኛው እናት እዚህ ናቸው» አልኳቸው። «ያየ ሰው ይምጣ ነው የሚሉት። ያዩት እርስዎ ነዎት።»

ዞር ብለው የሚወጣውንና የሚገባውን መኪና አዩ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ የተናገርኩት ለታሪክ ነው» አሉ። «ለለቅሶ አይደለም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ለታሪክ ስትናገሪ ጠያቂው አይኑን ከወረቀቱ አያነሳም። እናት ግን ታይሻለች። ምን ልበላት? ጥዬው መጣሁ?» ኩባያውን ጨፍልቀው ጣሉት። «እባክሽ ሂጂ፤ ሰው ወረፋ ይዟል።» ወረፋ የያዘ ሰው አልነበረም።

ያለ እሳቸው የእኔ ወሬ ያው «ሰማሁ» ነው፤ እማማ ደግሞ «ሰማሁ» የሚሉትን ሁሉ በየተራ ከበራቸው መልሰዋል። ዘመድ አይደለሁም፤ ሽማግሌ አይደለሁም፤ አላየሁም። እናም ደረጃውን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። እሳቸው ደግሞ ክር ጥርሳቸው ውስጥ ይዘው፣ «አንቺ እንግዲህ የመጽሐፍ ሰው ነሽ፤ የሆነ ቦታ ተጽፎ ብታዪ ትነግሪኛለሽ፤ አይደል?» ይሉኛል።

መጽሐፉ ለመውጣት ዓመታት ፈጀ። ሲወጣም ከጡረታው ጋር ገጠመና ምረቃውና ስንብቱ አንድ ላይ ተደረገ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የድሮ አዳራሽ ውስጥ። ወይን፣ አይብ፣ ንግግር። አንዱ ሲነሳ አንዱ ሲቀመጥ ሰውዬው ለሰው ልጅ ምን ያህል እንደደከመ ተነገረ። አንድ የድሮ ተማሪው፣ «የጦርነትን የሰው ፊት ያሳየን እሱ ነው» አለ። መጽሐፉን ከፈትኩ። ነጥቧ ገጽ ሆናለች። «አንድ ወጣት የመገናኛ መኮንን» ይላል፤ ስም የለም፣ ዩኒፎርም የለም። ከሥሩ ደቃቅ የግርጌ ማስታወሻ አለች። «መኮንኑ መሞቱ በዓይን ምስክር ተረጋግጧል። ጥረት ቢደረግም ቤተሰቡን ማግኘት አልተቻለም።»

መጽሐፉን ይዤ ፊርማ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ይህን የምለው በሐቅ ነው፤ ይወደኝ ነበር። «ለማትታክተው ጆሮዬ» ብሎ ጻፈልኝ። ጣቴን ማስታወሻዋ ላይ አድርጌ፣ «ቤተሰቡ ተገኝቷል እኮ» አልኩት። «ነግሬሃለሁ። መኪናው ውስጥ።» በአማርኛ ባወራው አንቱ እለው ነበር ይሆናል፤ እዚህ ግን አንተ ማለት ተመችቶኛል።

ገጹን አየ። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። «አዎ፣ በጣም ያሳዝናል» አለ። «ያልሞከርነው ነገር የለም።» ከዚያ ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ ለቀጣዩ ሰው ፈገግ አለ።

ከሰልፉ ወጣሁ። ለምረቃው የተጋበዙት ኮሎኔሉ ውጭ፣ ጡቡ ላይ ቆመው፣ መጽሐፉን ከመብራት ሥር ወደ ፊት ወደ ኋላ እያገላበጡ ነበር። እንግሊዝኛው ደቃቅ ሆኖባቸዋል።

«የእኔ ሬዲዮኛ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

አወጣሁላቸውና በአማርኛ አነበብኩላቸው፤ እስከ ግርጌው።

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩ።

«ማን ነው የፈለጋት?»

«ማንም።»

«አንቺ ነግረሽዋል?»

«ለእርስዎ ከመንገሬ በፊት።»

መጽሐፉን ዘጉና በብብታቸው ያዙት። «እኔ ጣልኩት፤ እሺ፤ መጣሌን አውቃለሁ» አሉ። «ይኼኛው ግን እናት አልባ አደረገው። እናቱ ሰፍታ ያለበሰችውን ልጅ!» ከዚያ፣ «ሽማግሌ አለ እነሱ ጋ?» አሉ።

«የመስጊዳቸው ሼህ አሉ።»

«አናግሪያቸው። እመጣለሁ።»

ፕሮፌሰሩ በዚያው ሰሞን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ዝናባማው ከተማው ተመለሰ። ጎራዴዎቹን በሳጥን ያሸግኩት እኔ ነኝ። አሁን ጽጌረዳ ይኮተኩታል ይባላል። ማን አየ እንዳትሉኝ፤ ሚስቱ ናት የጻፈችልኝ።

ቅዳሜ፣ ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ፣ ሼሁና ኮሎኔሉ እኔ ቤት ተገናኙ። ኮሎኔሉ ያንኑ ሱፍ ለብሰዋል። ለልጅየዋ ምክንያቱን ሳልነግራት ቤት እንድትቆይ ብቻ አስጠንቅቄያት ነበር። ደረጃውን ወረድን። እማማ ራሳቸው ከፈቱ። ሼሁን አዩ፣ ከሼሁ ኋላ ያሉትን የማያውቋቸውን ሰው አዩ፣ እኔን አዩ። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ሄደው የስፌት መኪናቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅየዋ ግድግዳው ላይ ካለው ስልክ ሥር ቆመች።

ሼሁ ዱዓ አደረጉና ወደ ኮሎኔሉ ዞሩ። ያየ ይናገር ነው። ኮሎኔሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ያ ጎራዴዎቹ ሥር ስንት ሰዓት የተናገረ አፍ ተቆለፈ። ሼሁ መሬት መሬት ያያሉ።

«ወንዶቹ አቃታቸው» አሉ እማማ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ታውቂያለሽ። ስትወጪ ስትወርጂ ፊትሽን አየው የለ? ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራሁና ሞቷል አልኩ። ኮረብታውን፣ ሬዲዮውን፣ መንገዱ ክፍት ነው ሂዱ ሂዱ ማለቱን ነገርኳቸው። «ያዩትም እኚህ ናቸው» አልኩ። ልጅየዋ ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች። እማማ ግን ገና አላለቀሱም። ኮሎኔሉን አዩአቸው።

«አንቱ፣ ባይንዎ አይተዋል?»

«አይቻለሁ፣ እማማ።»

«ማን ከፈነው?»

«ማንም። ጥለነው ሄድን።»

«ምን ለብሶ?»

«ዩኒፎርሙን።»

«የተሰጠውን ነው፣ ያጠበብኩለትን?»

«እርስዎ ያጠበቡለትን። ልክ ሆኖለት ነበር።»

እማማ እጃቸውን የስፌት መኪናው ላይ አሳረፉ።

«እንግዲያው ከፍኜዋለሁ» አሉ፤ ያኔ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ማልቀስ ጀመሩ።